ቅስሙ የተሰበረ የሆኪ ቡድን እንዴት ይነሳል?

ስድስት ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈ ቡድን መልበሻ ክፍል ውስጥ ተቀምጠህ ታውቃለህ? ዝምታው ይከብዳል። አንዱ ዱላው ላይ ፕላስተር ይጠቀልላል፣ ሌላው የጫማውን ክር ፈትቶ መልሶ ያስራል፣ የቀረው አንገቱን ደፍቶ ወለሉን ያያል። አንተ ደግሞ አሰልጣኙ ነህና የሆነ ነገር መናገር እንዳለብህ ይሰማሃል። ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ ወኔያቸውን ቀስቅሰህ፣ እንደ አንበሳ ልትለቃቸው ያምርሃል።

ቆይ። ገና አትናገር።

ብዙ ሰው አሰልጣኝ ቡድን የሚያነሳው በንግግር ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። ሲሸነፍ የከረመ ቡድን ማሸነፍ ጠልቶ አይደለም፤ እንዲያውም ከማንም በላይ የሚፈልገው እሱ ነው። ግን ሮጦ፣ ተጋጭቶ፣ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ በመጨረሻ ጠብ የሚል ነገር ሲያጣ ልፋቱ ሁሉ ውሃ ወቀጣ ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ ሳያስበው እግሩ ይከብደዋል። ስለዚህ ዋናው ሥራህ ልፋታቸው የሆነ ነገር ሲለውጥ በዓይናቸው እንዲያዩ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚነሳው ከዚህች ነገር ነው።

የማወራው ስለ በረዶ ላይ ሆኪ ነው። የሣር ሜዳ ሆኪ የምታሰለጥን ከሆነም አብዛኛው ይሠራልሃል።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ መጥፎ እየተጫወታችሁ ነው?

ይህን ሳታውቅ ምንም አትንካ። በሆኪ የሚገባ ጎል ጥቂት ነው፣ ፓኳ (በዱላ የምትመታው ጠፍጣፋ ጎማ) ደግሞ የሰው እግር ነክታ አቅጣጫ ትቀይራለች፣ የጎሉን ብረት መትታ ትመለሳለች። ደህና እየተጫወተ ለሳምንታት የሚሸነፍ ቡድን አለ። በጣም መጥፎ እየተጫወተ የሚሸነፍም አለ። ከውጤት ሰንጠረዡ ብቻ ተነስተህ አትለያቸውም፤ መድኃኒታቸው ግን ፍጹም የተለያየ ነው።

ቀላል ሂሳብ ላሳይህ። ያለፉትን 10 ጨዋታዎች ውሰድ። ወደ ጎል ከሞከራችሁት ስንት በመቶው ገባ? በረኛህ ላይ ከተሞከረው ስንት በመቶውን አዳነ? ሁለቱን ደምራቸው። በሆኪ ቁጥር የሚተነትኑ ሰዎች ይህን ድምር ፒዲኦ ይሉታል። የአንዱ ቡድን ሙከራ የሌላው በረኛ ፈተና ስለሆነ የአንድ ሊግ አጠቃላይ ድምር ሁልጊዜ 100 ላይ ነው የሚያርፈው። አሁን ቡድንህ 300 ጊዜ ሞክሮ 18 ጎል አገባ እንበል፤ 6 በመቶ ነው። በረኛህ ላይ 250 ተሞክሮበት 215 አዳነ፤ 86 በመቶ። ድምሩ 92። ከተጋጣሚዎችህ የበለጠ ሞክረሃል፣ ግን ቁጥሩ ከ100 በብዙ ዝቅ ብሏል። እንዲህ ያለው ቡድን ጨዋታው አልተበላሸም። ወይ ዕድል ጀርባ ሰጥቶታል፣ ወይ በረኛው ተቸግሯል፣ ወይ አጥቂዎቹ ከሩቅ ብቻ እየመቱ ነው። ሁሉን ነገር አፍርሰህ እንደ አዲስ ብትጀምር ደህና የነበረውንም ታበላሻለህ።

ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም እነሱ 35 እየሞከሩ እናንተ 18 ከሆናችሁ፣ ችግሩ ዕድል አይደለም። ያኔ አጨዋወቱን ማስተካከል አለብህ፤ "አይዟችሁ፣ ይመጣል" ማለት ውሸት ይሆናል፣ ተጫዋች ደግሞ ውሸት ቶሎ ነው የሚያሸትተው።

ቆጣሪ ባለሙያ የለኝም አትበል። ጉዳት ላይ ያለ አንድ ተጫዋች ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከተመልካች ወንበር ይቁጠር። ከቡድኑ እንዳይርቅም ይረዳዋል።

ከበረዶው ውጭ ያለውንም አትርሳ። ድካም፣ የተደበቀ ጉዳት፣ ሁለት ተጫዋቾች ከተኳረፉ ወር ሆኗቸው አንተ ብቻ ያልሰማኸው ጠብ። ረዳትህንና ዕቃ ያዡን ጠይቅ። ዕቃ ያዥ ብዙ ያውቃል።

በእጃቸው ያለ ነገር ስጣቸው

ውጤት በእጃቸው አይደለም። ዳኛው አለ፣ የተጋጣሚ በረኛ አለ፣ ብረቱ አለ። ለተሰበረ ቡድን "ዛሬ የግድ ማሸነፍ አለብን" ስትለው የማይቆጣጠረውን ነገር ነው የምታሸክመው። ሁለት ነገር ምረጥ። ሁለት ብቻ። ራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት፣ የሚቆጠር፣ ጨዋታውን በእውነት የሚለውጥ ይሁን።

እኔ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የማየው የፈረቃ ርዝመት ነው። በሆኪ ተጫዋች በረዶው ላይ ገብቶ ወደ 45 ሰከንድ ያህል በሙሉ ኃይሉ ተጫውቶ ይወጣል፤ ከዚያ ሌላው ይገባል። ቡድን ሲሸነፍ ይህ ልማድ ነው መጀመሪያ የሚበላሸው። ጥሩ ተጫዋቾችህ ጨዋታውን ብቻቸውን ሊያስተካክሉት ስለሚፈልጉ አይወጡም። አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ከሃያ ይቆያሉ። እግራቸው ሲያልቅ ወደ ኋላ መመለስ ያቅታቸዋል፣ ሲያቅታቸው ተጋጣሚውን በዱላ ይጠልፉታል፣ ሁለት ደቂቃ ቅጣት ይመጣል፣ አራት ለአምስት ትጫወታላችሁ፣ ጎል ይገባል። ሰዉ ጎሉን ያያል። የጎሉ ምክንያት ግን አንድ ተጫዋች ለቡድኑ አዝኖ ሠላሳ ሰከንድ አብዝቶ መቆየቱ ነው! ይህን ስታስረዳው ስስት አድርገህ አትንገረው። "ለቡድኑ ብለህ እንደምትቆይ አውቃለሁ፣ ግን ለቡድኑ ብለህ ውጣ" በለው።

ሁለተኛው ምርጫዬ ፓኳን ከራስ ክልል በመጀመሪያው ሙከራ ማውጣት ነው። የፈራ ቡድን ይህን ነው የማይችለው፤ ተከላካዩ ፓኳን ሲያገኝ ጎል እንዳይገባበትና እንዳይወቀስ እያሰበ ለአጠገቡ ሰው ይገላገላታል፣ ያም ለሌላው ይገላገላታል፣ እንዲህ እያሉ ሠላሳ ሰከንድ በራሳቸው በር ላይ ይታመሳሉ።

እነዚህን ሰሌዳ ላይ ጻፋቸው። ለምሳሌ "በአንድ ክፍለ ጊዜ ከ50 ሰከንድ ያለፈ ፈረቃ ከሦስት አይበልጥም"። በእረፍት ሰዓት ከጎሉ በፊት ይህን ቁጥር ንገራቸው። 2 ለ 0 እየተመራችሁም ቢሆን "ባለፈው ጨዋታ አሥራ አንድ ረጅም ፈረቃ ነበረን፣ ዛሬ ሁለት ነው" ስትል ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ታያለህ። ያ ነው የምትፈልገው። የውድድር ዓመቱንም እንዲሁ ቆራርጠው። የደረጃ ሰንጠረዡን ከግድግዳ አንሳና አምስት አምስት ጨዋታ እያደረግክ አስላ።

ልምምድ፦ አሳጥረው፣ አፍጥነው፣ ቅጣት አታድርገው

ከሽንፈት በኋላ ብዙ አሰልጣኝ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ፓክ የለም፣ ጨዋታ የለም፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እያስሮጡ ማስታወክ እስኪቀራቸው ማድከም። ይህን የሚያደርግ ሰው ሁልጊዜ አንድ ታሪክ ይጠቅሳል፤ የአሜሪካዊውን አሰልጣኝ የሄርብ ብሩክስን። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ለኦሎምፒክ ሲዘጋጅ ኖርዌይ ላይ ከኖርዌይ ጋር 3 ለ 3 ወጣ። ብሩክስ ተጫዋቾቹን ወደ መልበሻ ክፍል አልመለሳቸውም፤ እዚያው በረዶው ላይ ደጋግሞ አስሮጣቸው፣ የአዳራሹ መብራት ከጠፋ በኋላም ቀጠለ። ከወራት በኋላ፣ በየካቲት 1980 ሌክ ፕላሲድ ላይ፣ ያ የተማሪዎች ቡድን ሶቭየት ኅብረትን 4 ለ 3 አሸነፈ፤ ከዚያም ፊንላንድን 4 ለ 2 ረትቶ ወርቅ ወሰደ።

ታሪኩ እውነት ነው። ግን ለአንተ ቡድን አይሆንም፤ ምክንያቱን ልንገርህ። ያ ቡድን የተሰበረ አልነበረም፤ ተዘናግቶ ነበር። የወዳጅነት ጨዋታ ስለሆነ ቀለል አድርጎት ነበር። ብሩክስ ያንን ነው የቀጣው። ተጫዋቾቹን ራሱ መርጧቸዋል፣ ወራት ሙሉ በእጁ ነበሩ፣ ከፊታቸው ኦሎምፒክ ነበር። የአንተ ልጆች ግን ልፋታቸው ከንቱ መሆኑን ካመኑ ሰንብተዋል። ይህን ቡድን በሩጫ ስትቀጣው ያመነበትን ነገር ነው የምታረጋግጥለት። መዘናጋትና መሰበር ከሩቅ ይመሳሰላሉ። የተዘናጋ ተጫዋች ስህተት ሠርቶ ከጓደኛው ጋር ያወራል፤ የተሰበረው ስህተት ሠርቶ ወዲያው ወደ አንተ ይዞራል። ዓይኑን ተከተል።

ልጆችን የምታሰለጥን ከሆነ ደግሞ ሩጫን ቅጣት ማድረግ ጭራሽ አይገባም። በበረዶ ላይ መሮጥ እኮ የጨዋታው ደስታ ነው፤ ለምን መቅጫ ታደርገዋለህ?

ታዲያ ምን ታድርግ? ልምምዱን አሳጥረው። ሜዳውን በስፋቱ ከፍለህ ሦስት ለሦስት አጫውታቸው። በጠባብ ቦታ ላይ ሁሉም ፓክ ይነካል፣ ሁሉም ጎል ይሞክራል፣ ነጥብ ይቆጠራል፣ የተሸነፈው ቡድን ዕቃ ይሰበስባል። ሳቅ ትሰማለህ። ሳቅ ስትሰማ "ተሸንፈን እንዴት ይስቃሉ" ብለህ አትቆጣ፤ የሚስቅ ሰው ነው ደፍሮ የሚሞክረው። መጨረሻውን ሁልጊዜ በሚችሉት ነገር ዝጋ። ተሳክቶላቸው ከበረዶው ይውረዱ።

ለየብቻ አናግራቸው

ከቡድን ስብሰባ ይልቅ አሥር ደቂቃ ለብቻ ይበልጣል። ቢሮህ አትጥራቸው፤ ቢሮ መጠራት ከአሰላለፍ መውጣት ነው የሚመስላቸው። ጫማ ሲያወልቁ አጠገባቸው ቁጭ በል። "እንዴት ነህ?" ካልከው "ደህና ነኝ ኮች" ይልሃል፣ አለቀ። ስለዚህ ሌላ ጠይቅ። "ባለፈው ጨዋታ ደስ ያለህ አንድ ነገር ምንድን ነው?" "ፓኳ እግርህ ሥር ስትመጣ መጀመሪያ ምን ታስባለህ?" "እኔ የማደርገውና የሚያስቸግርህ ነገር አለ?" የመጨረሻውን ስትጠይቅ መልሱን ለመስማት ተዘጋጅ። ብትከራከረው ሁለተኛ አይነግርህም።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ሰው ከውስጡ እንዲነሳሳ ሦስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ። በራሱ ጉዳይ ላይ የመወሰን ስሜት፣ እችላለሁ የሚል ስሜት፣ ከሌሎች ጋር የመተሳሰር ስሜት። ሽንፈት ሦስቱንም ይበላል። ቁጭ ብለህ ስትጠይቀውና ሐሳቡን ወስደህ ልምምዱ ውስጥ ስታስገባለት ሦስቱንም በአንዴ ትነካለህ። የሐሙሱን ልምምድ ግማሽ አምበሉ ከጓደኞቹ ጋር ያውጣው። ከአንተ ዕቅድ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ችግር የለም።

ጎል የራቀው አጥቂ ለብቻው ጉዳይ ነው። እሱ ጎል መቁጠር እንዲያቆም እርዳው። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከቅርብ፣ ስንት ጊዜ እንደሞከረ ቁጠርለት። ጎል የጠፋበት አጥቂ ሳያውቀው ወደ ዳር ይሸሻል፤ እዚያ ማንም አይገጨውም። ቪዲዮውን አሳየው፣ ራሱ ያየዋል።

በረኛውን ደግሞ አደራ። የሚቀየር ከሆነ ከሁሉም በፊት እሱ ይስማ፣ ከአንተ አፍ ይስማ። በጨዋታ መሃል የምታወጣው እሱ ስላጠፋ ሳይሆን ቡድኑን ለማንቃት ከሆነ፣ ተቀያሪ ወንበሩ ላይ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ "ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም" በል። ሳትናገር ካወጣኸው ለአምስት ሰው ስህተት አንድ ሰው እንደተቀጣ ሁሉም ያያል፤ ነገ በረኛው ፊት ተጋድሞ ፓክ የሚያግድ አታገኝም።

አሰላለፍ መነካካት፣ እና ስለ አንዲት ደብዳቤ

በየአሥር ደቂቃው አሰላለፍ የሚቀያይር አሰልጣኝ ራሱ እንደፈራ ነው የሚያስታውቀው። ሦስት አጥቂዎች አብረው ካልከረሙ አይግባቡም። ቢያንስ ሁለቱን አጣምረህ አቆያቸው፣ ሦስተኛውን ብቻ ቀይር። ለሦስት ጨዋታ ያህል ታገስ።

ግን መቀየር ያለበት ሲኖር፣ ስም ሳትፈራ ቀይር። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1942 በስታንሊ ዋንጫ (የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ የኤንኤችኤል ዋንጫ) ፍጻሜ ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ በዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ሦስት ጨዋታ ተሸንፎ 3 ለ 0 ይመራ ነበር፤ አንድ ጨዋታ ቢሸነፍ ያበቃለታል። አሰልጣኙ ሃፕ ዴይ ከአራተኛው ጨዋታ በፊት አንዲት የ14 ዓመት ልጅ የጻፈችለትን ደብዳቤ ለተጫዋቾቹ አነበበላቸው። ቶሮንቶ ያንን ጨዋታ አሸነፈ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሦስቱንም አሸነፈ፣ ዋንጫውን ወሰደ። ሰው የሚያስታውሰው ደብዳቤውን ነው። ነገር ግን ዴይ ከደብዳቤው ጋር ሌላም ነገር አድርጓል። ከዋና ጎል አግቢዎቹ አንዱን ጎርዲ ድሪሎንንና ተከላካዩን ባኮ ማክዶናልድን አስቀምጦ እንደ ዶን ሜትዝ ያሉ ብዙም ያልተጠበቁ ተጫዋቾችን አስገባ፤ ሜትዝ በአምስተኛው ጨዋታ ሦስት ጎል አገባ። ደብዳቤው ልብ ነክቷል፣ አልክድም። ግን በረዶው ላይ የወጣው ቡድን ራሱ ተለውጦ ነበር። ንግግር የሚሠራው ሥራው ከሥሩ ሲኖር ነው።

የጨዋታው ቀን

በእረፍት ሰዓት ወዲያው ተከትለሃቸው አትግባ። መጀመሪያ ውሃ ይጠጡ፣ ይተንፍሱ፣ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ። አንተ ከረዳቶችህ ጋር ውጭ ቆመህ ሁለት ነጥብ ምረጥ። አምስት ደቂቃ ያህል ሲያልፍ ግባ፣ ሁለቱን ተናገር፣ አንዱ የሚስተካከል ሌላው የሠራ ይሁን፣ ውጣ። ከዚያ በላይ የምትናገረው የአንተን ጭንቀት ነው የሚያስተላልፈው።

ጎል ሲገባባችሁ ሁሉም ወደ አንተ ነው የሚያየው። እጅህን ካወናጨፍክ፣ ጣሪያ ካየህ፣ ለረዳትህ ካንሾካሾክ፣ ያያሉ። ተራውን የማይረበሹት ተጫዋቾችህ ይውሰዱት፤ ብዙ ጊዜ ከዋክብቱ አይደሉም፣ ሥራ ወዳዶቹ ናቸው። ፓኳን ወደ ተጋጣሚ ክልል ገፍተው፣ ተጋጭተው፣ 40 ሰከንድ ጨዋታውን እዚያ አቆይተው ይምጡ። የ30 ሰከንድ እረፍትህን የምትጠራው ልትጮህ ሳይሆን ሊተነፍሱ ነው። አንዳንዴ ምንም አለመናገርም ይቻላል።

ከሽንፈት በኋላ፣ ያው ማታ ትንታኔ የለም። "ነገ እንገናኝ፣ አብረን እናየዋለን" በቂ ነው። ጋዜጠኛ ወይም ወላጅ ከጠየቀህ የተጫዋች ስም አታንሳ፤ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብለህ የሁለት ወር እምነት ታጣለህ። በማግስቱ ቪዲዮ ስታሳይ ከጥሩዎቹ ጀምር። ሦስት ደህና የተሠሩ ነገሮች፣ ከዚያ አንድ ስህተት፣ እሱም ቢቻል ከጠንካራው ተጫዋችህ ይሁን። እሱ "አዎ፣ እዚህ ጋ ቆይቻለሁ" ካለ ታናሹ ልጅ የራሱን ለመናገር አይፈራም።

ጊዜ ይወስዳል

ምን ያህል? አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ማይክ ሱሊቫን በውድድር መሃል ፒትስበርግ ፔንግዊንስን ሲረከብ የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች ተሸነፈ። በዚያው የውድድር ዓመት ማብቂያ ዋንጫ አነሳ። ሴንት ሉዊስ ብሉዝ ደግሞ አሰልጣኝ ቀይሮ ክሬግ ቤሩቢ ከተረከበው ከአንድ ወር ተኩል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 2019፣ ከ31 የኤንኤችኤል ቡድኖች መጨረሻ ላይ ነበር። በዚያው ወር ጆርዳን ቢኒንግተን የተባለ አዲስ በረኛ ቋሚ ሆኖ መጀመሪያ በተሰለፈበት ጨዋታ ጎል ሳይገባበት ወጣ። በየካቲት ወር፣ 11 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፉበት ጉዞ ተሟላ። ሰኔ 12 ቀን ቦስተንን በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ 4 ለ 1 አሸንፈው የክለቡን የመጀመሪያ ዋንጫ ወሰዱ። ቤሩቢ በተረከባቸው በመጀመሪያው ወር ተስፋ ቆርጦ ሁሉን ቢያፈርስ ኖሮ በረኛውን የሚያስገባበት ቡድን አይኖረውም ነበር።

የመጀመሪያው ድል ሲመጣ የሚሳሳቱ አሰልጣኞች አሉ። "አበቃ፣ ተላቀናል" ብለው ሰሌዳውን ያጠፉታል፣ ልምምዱን ወደ ድሮው ይመልሱታል፣ የደረጃ ሰንጠረዡን መልሰው ይለጥፋሉ። አንተ ማታውን አብረሃቸው ዝፈን፣ ይገባቸዋል። ጠዋት ግን ሰሌዳው እንዳለ ይሁን፤ ረጅም ፈረቃ ስንት እንደነበረ፣ ፓኳ በመጀመሪያው ሙከራ ስንት ጊዜ እንደወጣች፣ ያው በወረቀትና በእርሳስ የቆጠረው ልጅ ቆሞ ያንብብላቸው።